አብዲ ኮራጁ እና የኮምፒውተሬ የአድራሻ ደብተር

ዛሬ ጠዋት የቀድሞ ተማሪዎቼን ሁሉ በአንድ ኢሜይል ሰደብኳቸው፤ ያሰብኩት ግን ልለምናቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭሮ ከተማ ካስተማርኳቸው መካከል ሦስት አብዲዎችና አራት ፋጡማዎች አሉ። እንዳይምታቱብኝ በኮምፒውተሬ የአድራሻ ደብተር «አብዲ ኮራጁ»፣ «አብዲ አርፋጁ»፣ «ፋጡማ ጎበዟ» እያልኩ መዝግቤያቸዋለሁ። ሥርዓት እወዳለሁ።

ትናንት መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቤ ደብተሩን ከኢሜይሌ ጋር አመሳሰልኩት። አንድም ስም አልጎደለም። ቅጽሎቹም አልጎደሉም።

ዛሬ ለትምህርት ቤታችን ባዶ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ መጽሐፍ ይዘው እንዲመጡ ለሁሉም ጻፍኩ። ለካ እያንዳንዱ ተቀባይ የሁሉንም ስም ልክ እኔ እንደመዘገብኩት ያየዋል!

«አለቀ፤ አንድም ሰው አይመጣም» ብዬ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ለሁሉም የመለሰው አሁን ሚኤሶ ውስጥ ርዕሰ መምህር የሆነው አብዲ ኮራጁ ነው፦ «አቦ ቲቸር፣ ይህን ሁሉ ዓመት ይቅር አላሉኝም? ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ይዤ እመጣለሁ። ግን ፋጡማ ጎበዟ አጠገብ ያስቀምጡኝ።»

ፋጡማም ለሁሉም መለሰች፦ «ይምጣ፤ ወረቀቴን ግን እሸፍናለሁ።»

እናንተስ ሰውን በምን ስም መዝግባችሁ ተጋለጣችሁ? እኔ ብቻዬን አልፈር።