በፓናስ ሸሚዝ ላይ የነጣው ጨው

ሞትሪያ በዲኒፕሮ ወንዝ ዳር ባለው የብረት ማቅለጫ የሠራተኛ ልብስ ማጠብ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏታል። የሰው ስም ትረሳለች፣ ሸሚዝ ግን አትረሳም። አዲስ ሰው እቶን ፊት ሲቆም ላቡ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ደርቆ በጨው ያነጣዋል። ሁለት ሳምንት ሲሞላው ገላው ጨዉን መቆጠብ ይማርና ንጣቱ ይጠፋል። ወር ዕረፍት ወጥቶ የተመለሰም እንደ ጀማሪው ነው። ማን ከርሞ እንደመጣ ሳትጠይቅ ታውቃለች።

የባሏ የፓናስ ሸሚዝ ግን ለዓመታት ነጥቶ አያውቅም። ሰው በልጁ ይኮራል፣ እሷ በዚህ ትኮራ ነበር።

በዚያ መከር ሸሚዙ ነጣ። ዕረፍት አልወጣ፣ ታሞ አልቀረ። ለእቶን ሠራተኞች ከሚታደለው ጨው ያለበት ባለጋዝ ውሃ ሌላው አንድ ብርጭቆ ሲጠጣ እሱ አምስት ይጨልጣል። ቤት ሲገባ ደግሞ ጨው ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈውን ኪያር ይበላና ውሃውን ከነማሰሮው አንስቶ ይጠጣል። ከስቷል፣ ፊቱም ጠቁሯል። ጓደኞቹ እሳቱ ጠበሰህ እያሉ ያሾፉበታል።

ሞትሪያ ነገሩ የገባት መሰላት። ጨው ያበዛ ሰው ጨው ያልበዋል፣ በቃ! ወይ ጉድ፣ የኮራችበት እውቀት ነው ያሳሳታት። ማሰሮውን ጓዳ ቆለፈችበት፤ ቁልፉንም አንገቷ ላይ አሰረችው። ውሃ የምታድለዋን ሆርፒናንም ለባሏ ጨው ያለበትን እንዳትሰጠው አስማለቻት።

ማታ ፓናስ የጓዳው በር ላይ ቆሞ ለመናት።

«ጨው አምሮኛል እኮ። አንዴ ብቻ ልጎንጭ።»

«እርጉዝ ነህ እንዴ አንተ?» ብላ ሳቀችበት።

በአምስተኛው ቀን እቶኑ ፊት ተዘረረ።

የሆስፒታሉ ሐኪም የፓናስን መዳፍ ገልጣ መስመሮቹን አየች፤ እነሱም ጠቁረዋል። ምን ምን ያምረው እንደነበር ሞትሪያን ጠየቀቻት፤ ጨው እንደሚያምረውና ከአምስት ቀን ወዲህ እንደተከለከለ ሰማች። ከኩላሊቱ በላይ ያለች፣ ገላን ጨው ያዝ የምትል ትንሽ እጢ እንደደከመችበት ነገረቻት። ጨዉ በላቡም በሽንቱም ሲፈስ፣ ሰውዬው እየጠጣ ይተካው ኖሯል።

«እስከዛሬ ያቆመው ያ ጨው ነው። ማነው የከለከለው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሞትሪያ።

በመርፌና በጉሉኮስ ሦስት ቀን ታገሉለት። በአራተኛው ዓይኑን ሲገልጥ፣ ሞትሪያ ሐኪሟን አስፈቅዳ ማሰሮውን ይዛ ገባች። ቀና አድርጋ ደግፋ አፉ ላይ ያዘችለት።

ፓናስ ሁለቴ ጎንጨት አለና «እርጉዝ ነህ እንዴ አትይኝም?» አላት።

ሞትሪያ መሳቅ አቃታት። እስኪበቃው አጠጣችው። ከዚያ የጓዳውን ቁልፍ ከአንገቷ ፈትታ ትራሱ ሥር አደረገችለት።