ይገዙ የፈገፈገው ማይክሮስኮፕ

ይገዙ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት ጎን፣ መነጽር የሚጠግንባት ጠባብ ክፍል ነበረችው። የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ የወለቀ መስታወት ይመልሳል፣ ጊዜ ሲተርፈው ካሜራ ይፈታል። የሰፈሩ አበሻ ግን ከዚህ በላይ አድርጎ ነበር የሚያየው። አሮጌ ሳንቲም ያገኘውም፣ የአባቱ ሰዓት የቆመበትም ወደ እሱ ይመጣል። እሱም አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ ነገር ይላል። አላውቅም ብሎ የመለሰው ሰው የለም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጋሽ ይገዙ ብሎ የመጣን ሰው ባዶውን መስደድ ነውር ይመስለዋል። ሰው በይሉኝታ ይዋሻል፣ ከዋሸ በኋላ ደግሞ ራሱም ያምነዋል።

በፈረንጆቹ 2005 መጀመሪያ ላይ እህተማርያም የእንጨት ሳጥን ታቅፋ መጣች። ባሏ ባልቻ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ይኖሩ ለነበሩ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ሐኪም አሥራ ሁለት ዓመት ሾፌር ሆኖ ሠርቷል። ሐኪሙ ሊሞቱ ሲሉ ሳጥኑን ለእሱ ሰጡት፤ እሱም አምና ሲሞት ለእሷ ቀረ። ውስጡ የነሐስ ማይክሮስኮፕ ነበር፤ የጠቆረ፣ እዚህም እዚያም ወርቃማ ቡናማ ቅብ የያዘ። እህተማርያም የሀበሻ ቀሚስ በእጇ እየጠለፈች ነው የምትኖረው። ዓይኗ እየደከመ ስለሄደ፣ ይህን ሸጣ የጥልፍ መኪና ልትገዛ አስባለች። ምን እንደሆነና ስንት እንደሚያወጣ እንዲነግራት ለመነችው።

ይገዙ ማይክሮስኮፕ በሥዕል እንጂ በእጁ ይዞ አያውቅም። ቢሆንም አገላበጠና የድሮ እንግሊዝ ሥራ ነው፣ መቶ ዓመት ያልፈዋል አላት። ዝም ብሎ ነው የገመተው፤ እንዳጋጣሚ ግን ልክ ነበር። ዋጋውን ኪሊማኒ ሰፈር ያሉ አንድ የጥንት ዕቃ ገማች ዘንድ አብረው ሄደው እንደሚያስነግሩ፣ እስከዚያ ዕቃው እሱ ዘንድ እንዲቆይ ተስማሙ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ይገዙ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ንግሥ ሲቃረብ ጽናውንና መስቀሉን በአመድና በሎሚ እያሸ ፊት እስኪያሳይ የሚያበራው እሱ ነው፤ ካህናቱም ይመርቁታል። የከበረ ዕቃ ሰው ፊት የሚቀርበው ታሽቶና አብርቶ ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ አደራ የተሰጠውን እንደ ጠቆረ መመለስ ስንፍና ይሆንበታል። ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ፈገፈገው። ቅቡ በሎሚው ለቀቀ፤ እግሩ ላይ በስሱ የተቀረጸው የሠሪው ስምና ቁጥርም አብሮ ጠፋ። ማይክሮስኮፑ አብለጨለጨ። እህተማርያም ስታየው እንባዋ መጣና እድሜ ይስጥልኝ ብላ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች።

ገማቹ ናይሮቢ ተወልደው ያረጁ ህንዳዊ ነበሩ። ይገዙ ለዚያ ቀን ከረባት አስሯል። ሽማግሌው ሳጥኑን ከፈቱ። ሌንሶቹን አንድ በአንድ አዩ፣ እግሩን ወደ መስኮቱ አዘነበሉ። ከዚያ ሁለቱም እንዲሰሙ በስዋሂሊ ቀስ ብለው አስረዱ። ሌንሶቹ ሙሉ ናቸው፣ ሳጥኑም የራሱ ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ግን ሠሪው የቀባውን ቅብና የቀረጸውን ስም ነው፤ የዕቃው ማንነት የሚታወቀው በእነሱ ነው። እንደ ነበረ ቢመጣ መቶ ሃምሳ ሺህ ሽልንግ አያንሰውም ነበር፤ አሁን ሠላሳ ሺህ ካወጣም ትልቅ ነገር ነው። ይህን ብለው ቀና አሉና ማን እንደፈገፈገው ጠየቁ።

ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው በይገዙ ደረሰ። ከረባቱን ያላላ ጀመር።

«ኒ ሚሚ፣ ምዜ» አለች እህተማርያም። እኔ ነኝ፣ አባባ ማለቷ ነው።

ወደ እሱ ዞራ እንኳ አላየችም። በባዕድ ፊት ታላቋ ሲዋረድ ቁጭ ብላ ማየት አልሆነላትም። እሱም ጥፋቱን እንድትሸከምለት ተዋት። መፈግፈጉ ባለማወቅ ነው፤ ይህን ያደረገው ግን እያወቀ ነው። ሽማግሌው በቁጣ ራሳቸውን ነቅንቀው የግምት ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ጻፉና ፈርመው ሰጧት።

ከፎቁ ወርደው ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ሲጠብቁ ወረቀቱን ዘረጋችለት። እንግሊዝኛ ማንበብ አትችልም።

«ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የጻፉት?»

ይገዙ እየተረጎመ ያነብላት ጀመር። ማይክሮስኮፕ፣ እንግሊዝ አገር የተሠራ፣ ሌንሶቹ የተሟሉ። ቀጣዩ መስመር የዕቃው ባለቤት ራሷ በመፈግፈግ ጉዳት እንዳደረሰችበት ይናገራል። ዘሎት ቢያልፍ አታውቅም።

«ያበላሸው ይገዙ የሚባል ሰው ነው ይላል» አላት።

«እንደዚያ አይልም፣ ጋሼ» አለች በዝግታ። «እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ እኮ።»

ሐፍረቱ ከእግር እስከ ራሱ ወረረው። እጅጌውን ይዛ ብትለምነውም ወረቀቱን እንደያዘ ደረጃውን ተመልሶ ወጣ። ሽማግሌው ፊት ቆሞ እሱ እንደሆነ፣ እሷ ለእሱ ብላ እንደዋሸች ተናገረ። እሳቸውም ስሙን በሙሉ ጠየቁትና መስመሩን ሰርዘው ከላዩ ጻፉት። ዋጋው ግን ያው ነበር።

ወርዶ ሰጣት። እህተማርያም የስሙን ፊደል በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ምነው፣ ጋሼ። ይህ ወረቀት ከዕቃው ጋር ነው የሚሸጠው። የገዛው ሁሉ ስምዎን ሊያነበው ነው።»

«ያንብበው» አላት፤ ፊቷን ማየት ግን አልቻለም።