ከገመዱ በላይ ያለፈችው ኳስ

ያን ሽታ ያገኘሁት ባለፈው ጳጉሜ፣ ጎንደር አጠገብ በምኖርባት ትንሽ ከተማ፣ ፀዳ፣ ወዳለው የኳስ ሜዳ በቆርቆሮው በር ዘልቄ ደህና መቀመጫ ስፈልግ ነው። ተጫዋቾቹ ከመስመሩ ዳር እርጥብ ሣር ላይ እግራቸውን ዘርግተው አፍንጫ በሚሰነፍጥ የጡንቻ ቅባት ጭናቸውንና ባታቸውን ያሻሉ፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሽታው ከሣሩ እንፋሎት ጋር ተነሥቶ ወደ እኛ ወደ ተመልካቾቹ መጣ። ከጎኔ የነበሩት ሰዎች አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ሳብ አደረግኩት፣ ደግሜም ሳብኩት፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ድረስ፤ ወንድሜ ደሳለኝ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

ለኳስ ፍቅር የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ታችኛው ሊግ ውስጥ የሚንፏቀቅ ክለብ ውድድሩ ሳይጀመር ከመሰሉ ጋር የሚያደርገውን የወዳጅነት ጨዋታ ለማየት ጭቃ የምረግጥበት ምክንያት የለኝም። የመጣሁት በቀል ፍለጋ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ድምፅ ማጉያ የጫነች ባጃጅ በሰፈራችን እየዞረች፣ የቀድሞው የጎንደር አጥቂ ሞላ በክብር እንግድነት ተገኝቶ ጨዋታውን እንደሚያስጀምር ስትለፍፍ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠላው የኖርኩት ሰው በገዛ እግሩ ሰፈሬ ድረስ ሊመጣልኝ ነው! ያን ቀን የምለውን ስደረድር ዋልኩ፣ በማግስቱም የዓመት በዓል ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ተኩሼ ወጣሁ፤ ጠላቴ ፊት ተዝረክርኬ መታየት አልፈለግኩም።

ያደግነው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ገብሱና ድንቹ ግን ያምራል፤ አባታችን እኔ ገና ሳልድህ ስለሞተ እርሻውንም ቤቱንም የያዘው ደሳለኝ ነበር፣ ከሞፈር የተረፈችው ሰዓት ሁሉ ደግሞ የኳስ ነበረች። የምንተኛው አንድ መደብ ላይ ነው፣ እሱ በግድግዳው በኩል፣ እኔ በምድጃው በኩል፤ ከጤና ጣቢያው ዘበኛ በባቄላ የለወጣትን የቅባት ቆርቆሮ ከራስጌው አይለያትም። ጉልበቱ ባበጠ ቀን በጣቱ ጫፍ ቆንጠር አድርጎ እየሰሰተ ሲያሽ ቤቱ ሙሉ በዚያ ሽታ ይታወዳል፣ በረት ያለችው ጥጃ ሳትቀር ታስነጥሳለች፣ እናታችንም «ምነው ልጄ፣ እንደ ሰው ብትሸት ምን አለ!» ትለዋለች።

ልምምዱ ከጭድ ክምሩ ሥር ነበር። እኔ የድንጋይ ካቡ ላይ እወጣና በቅርጫት የያዝኩትን ድንች አንድ በአንድ እወረውርለታለሁ፣ እሱ ጭዱ ላይ ግራና ቀኝ እየተወረወረ ይቀልባል፤ የሳታት ድንች ካቡ ላይ ትፈርጣለች፣ እናታችንም ወጥ ስትሠራ የቆሳሰለ ድንች ባገኘች ቁጥር ልምምዱ እንዴት እንደዋለ ሳትጠይቅ ታውቃለች። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ደህና ድንች መብላት ጀመርን። ወገራን ሙሉ ቢዞሩ እሱን የሚያህል በረኛ አይገኝም ነበር፤ ይህን የምለው እኅቱ ስለሆንኩ ነው፣ ግን እውነቴን ነው።

በዚያ ነሐሴ የጎንደር ቡድን ከውድድሩ በፊት የደጋውን አየር ልልመድ ብሎ በጭነት መኪና መጣብን። የወዳጅነት ጨዋታ ነው ተባለ። ሜዳው ቅዳሜ ቅዳሜ የከብት ገበያ የሚሆነው ቦታ ነው፤ ቋሚዎቹ ባሕር ዛፍ ናቸው፣ አግዳሚው ደግሞ መሀሉ ላይ የረገበ የቃጫ ገመድ፣ መረብ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ አልደረሰም። እኔ ከደሳለኝ ጀርባ፣ ከሳማው አጠገብ ቆሜያለሁ። የከተሜዎቹ ማሊያ አንድ ዓይነት፣ ታኬታቸው የሚያብረቀርቅ፣ የእኛዎቹ ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን፣ ከእነዚያም አንዱ ደሳለኝ፤ ቢሆንም ሞላ የሚሉት ረጅም አጥቂያቸው እየመታ እየመታ ኳሷ ሁሉ ወንድሜ እጅ ላይ ቀረች። አንዷንማ በጣቱ ጫፍ ሲያወጣት ሞላ ራሱን ይዞ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

ማለቂያው ላይ ከገደሉ በኩል ጉሙ መጣ። የኛን አገር ጉም የማያውቅ ሰው ይህን ነገር አይረዳልኝም፤ አጠገብህ የቆመው ሰው ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሞላ መታ። ኳሷ ከጉሙ ውስጥ ወጥታ ከገመዱ በላይ፣ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላ ስታልፍ በዓይኔ በብረቱ አየኋት፤ ገመዱ ንቅንቅ አላለም። ሳማው ውስጥ ወደቀች፣ እጄ እየተለበለበ አወጣኋት። ይዣት ስመለስ ግን ሞላ እጁን ዘርግቶ ይሮጣል፣ ከነሱ ጋር የመጣው ዳኛ ጎሉን አጽድቆ ጨዋታውን ጨርሷል። «በላይ ነው ያለፈች! በላይ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤታችን አያ ታከለ ክንዴን ይዞ፣ «አንች ደሞ ምን ታውቂያለሽ፤ ሂጅ ወደ እናትሽ» አለኝ።

እስከዚህ ድረስ አገሩ ሁሉ ከወንድሜ ጋር ነበር፤ ተበደልን፣ ተዘረፍን እያለ ይጮህ ነበር። ነገሩን ያበላሸው ከዚያ የመጣው ነው። ሞላ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ታኬታውን ፈታ፣ አራገፈው፣ በካልሲው ቆሞ ያ ሁሉ ሰው እያየ ለደሳለኝ ዘረጋለት። ደሳለኝ ከተወለደ ጀምሮ ታኬታ እግሩ ላይ አድርጎ አያውቅም፤ ደግሞስ እንግዳ አክብሮ የዘረጋውን አልቀበልም ብሎ ማሳፈር በእኛ አገር ነውር ነው። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ጠላ ቤት ውስጥ ነገሩን የጀመረው ያው አያ ታከለ ነው። «ምነው፣ አሸናፊ ጫማውን አውልቆ ለተሸናፊ የሚሰጥ? በጤናው ነው?» አለ አሉ። ሌላ ምንም አላለም፣ ሌላ ማለትም አላስፈለገውም። ሳምንት ሳይሞላ ደሳለኝ ጎሉን በጫማ ሸጠ ተብሎ ከገበያው እስከ ወፍጮ ቤቱ ተወራ፤ እናታችን ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ፣ ቡድኑ ሌላ በረኛ አቆመ፣ እኔ ኳሷ ከገመዱ በላይ ነው ያለፈች ባልኩ ቁጥር ወንድሟ አስጠንቷት ነው ይሉኛል። ደሳለኝ አንድም ቀን አልተከራከረም። መስከረም ሳይጋመስ ለሰሊጥ አጨዳ ከሚወርዱት ጋር ወደ ሁመራ ሊሄድ ሲነሣ ታኬታውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አየሁትና ለምን ገደል እንዳልጣለው በቁጣ ጠየቅኩት። «ሰውየው ወዶ ነው የሰጠኝ፤ ለምን እጥለዋለሁ?» አለኝ። ሸጋ ልጅ ነበር፣ ሸጋነቱ ነው የጎዳው።

አልተመለሰም። ወባ እንደገደለው ሊነግሩን የመጡት አጫጆች የት እንደቀበሩት እንኳ በቅጡ ማስረዳት አልቻሉም። በለቅሶው መሀል አንዲት ሴትዮ ለሌላዋ ስለ ጫማው ስታንሾካሹክ ሰምቻለሁ፤ ከሞተችም በኋላ አልተውኩላትም። አዎ፣ ቂመኛ ነኝ። ተምሬ፣ ነርስ ሆኜ ጎንደር ስሠራ አያ ታከለ ሳንባውን ታሞ እኔ ያለሁበት ክፍል ተኛ፤ መድኃኒቱን በሰዓቱና በልኩ ሰጥቼዋለሁ፣ ማንም በዚህ አይከሰኝም፣ መርፌው ላይ ግን «ምነው ልጄ፣ እጅሽ ከበደ» ይለኝ ነበር። ሌሎቹንም ዕድሜ እየለቀመ ወሰደልኝ። የቀረኝ ሞላ ነበር። የአገሬን ሰው ጉም አታሎት ነው ልበል፤ ሞላ ግን ኳሷን የመታት ራሱ ነው፣ እንዳልገባች ያውቃል፣ ታኬታውን የሰጠውም አፋችንን ሊያስይዘን ነው ስል ኖሬያለሁ፤ የምፈልገውም ኳሷ አልገባችም፣ ልጁም ንጹሕ ነበር ብሎ በሰው ፊት እንዲናገርና እንዲዋረድ ነበር።

ከድንኳኑ ሥር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ኮት ለብሶ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ አገኘሁት። ረጅምነቱ ጎብጦ አልቋል። ክፉ ነገር በአንቱታ ሲነገር ይበልጥ እንደሚለበልብ በሥራዬ ስለማውቅ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና አምባ ጊዮርጊስ ላይ የተጫወቱትን ጨዋታ ያስታውሳሉ ወይ አልኩት። ይደነግጣል ብዬ ነበር። ሽማግሌው ግን ፊቱ በራ።

«አምባ ጊዮርጊስ! ያ በረኛ!» አለና በዙሪያው ወደተቀመጡት ዞረ። «ይኸው፣ ስነግራችሁ አታምኑኝም ነበር፤ ያየ ሰው መጣላችሁ!»

ሰዎቹ ሳቁ፤ አንዱ ታሪኩን ከአፉ ነጥቆ ይቀጥለው ጀመር፣ በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ ሲወረወር፣ በጣቱ ጫፍ ሲያወጣት፤ ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል። ሞላ በሠርግ ቤትም በለቅሶ ቤትም ሲያወራው የኖረ ነገር ኖሯል። ከዚያ በኋላ ብዙ በረኛ እንዳየ፣ እንደዚያ ያለ ግን እንዳላየ፣ ታኬታውን የሰጠው ሌላ የሚሰጠው ነገር ስላልነበረው እንደሆነ ነገረኝ። ኳሷስ፣ ከገመዱ በላይ አልነበረችም ወይ ብዬ አፋጠጥኩት።

«እኅቴ፣ በዚያ ጉም እኔ ምን አይቼ! መታሁ፣ ሰው ጮኸ፣ እኔም እጄን አነሣሁ» አለኝ። ደግሞም እየሳቀ፣ «ይልቅ እሱ እንዴት ሆነ? ትልቅ ቦታ ደረሰ አይደል?»

እንግዲህ ያን ጊዜ ዝም ብዬ መሄድ እችል ነበር። ነገር ግን ያን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው የመጣሁትን ነገር ይዤ መመለስ አልሆነልኝም፤ ደግሞም ሳቁ አናደደኝ፤ እኛን ያፈረሰን ነገር ለእሱ የደስታ ወሬ ሆኖት መኖሩ አንገበገበኝ። ወንድሜ እንደነበረ፣ በዚያች ታኬታ ጎሉን ሸጠ እንደተባለ፣ በኀፍረት ከአገሩ ወጥቶ መቃብሩ እንኳ በማይታወቅበት በረሃ እንደቀረ፣ አንድም ነገር ሳላስቀር፣ ድምፄን ሳላነሣ፣ በአንቱታ ነገርኩት። በዚያው ቅጽበት ጨዋታውን እንዲያስጀምር የሞላ ስም ተጠራ።

ሁለት ሰዎች ደግፈው መሀል ሜዳ አቆሙት። ኳሷን ለረጅም ጊዜ አያት፣ ከዚያ እግሩን ሰንዝሮ ሳታት፤ ሕዝቡ ሽምግልና ነው ብሎ በርኅራኄ አጨበጨበ። እኔ ምክንያቱን አውቄ ነበርና ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ወደ ድንኳኑ አልተመለሰም። በመስመሩ ዳር ከዘራውን ጭቃ ውስጥ እየተከለ፣ ጨዋታው ከኋላው ሲጀመር ዞር ብሎም ሳያይ፣ እኔ ወደቆምኩበት መጣ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ስሙን ንገሪኝ፤ ያን ቀን አልጠየቅኩትም። ስሙን ንገሪኝና ዕረፍት ላይ ድምፅ ማጉያውን ይዤ ለዚህ ሁሉ ሰው እናገራለሁ። ጎሏ አልገባችም እላለሁ፣ ልጁ ንጹሕ ነበር እላለሁ፤ አንቺ እንዳልሽኝ እላለሁ።»

የመጣሁት ለዚህ ነበር። ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ከነድምፅ ማጉያው፣ እየለመነ ፊቴ ቆመ። የእሱ ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር፤ ተናግሮ ቀለል ሊለው እንደሆነ ታየኝ፣ እናቴ ሳይቀላት ሞታ እሱ ሊቀለው! ይህን ልሰጠው አልፈለግኩም።

«ስሙን ሳያውቁ ይሙቱ» አልኩት። ነጠላዬን አጣፍቼ በቆርቆሮው በር ወጣሁ። ከኋላዬ «እኅቴ! እኅቴ!» ሲል ሰማሁት፣ አልዞርኩም።

ቤቴ እስክደርስ ድረስ እንደ ልጅነቴ እግሬ ቀሎኝ ነበር። ደጄ ላይ ስደርስ የምነግረው ሰው ፈለግኩ፣ የለም። እናቴ የለችም። ልጆቼ አጎት እንደነበራቸው ያውቃሉ እንጂ ከዚያ ያለፈ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ አምባ ጊዮርጊስም መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ከሄድኩ ቆየሁ፣ የሚያውቁንም አልቀዋል፣ ሜዳው ላይ ቤት ተሠርቶበታል ይላሉ። ወንድሜን አሙት ስል የኖርኩባቸው ሁሉ ከነሐሜታቸው አፈር ገብተው፣ ስለ ደሳለኝ ክፉ የሚያወራ አንድም ሰው እንዳልቀረ ያን ጊዜ ገባኝ። ደግ የሚያወራ ግን ነበር። ሞላ ከእንግዲህ በሠርግም በለቅሶም ያን ታሪክ አያወራም፤ ሲጀምረው የኔ ፊት ይመጣበታል። ደሳለኝ በባዶ እግሩ፣ በዚያ ጭቃ ላይ እጁን ዘርግቶ ሲወረወር ያየ፣ አይቶም ሲያደንቀው የኖረ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ከእኔ ሌላ አንድ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ዝም አሰኘሁት።