ካባ ለብሶ በመስታወት ቤት

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13። የእህቴ ልጅ በሠርጓ ቀን ራሷን ስታ ልትወድቅ ነበር።

ለፎቶ ብለን እዚህ ለንደን ወዳለ አንድ ጥንታዊ የመስታወት ቤት ገባን። የሞቃት አገር ተክል የሚያድግበት ስለሆነ እንፋሎቱ ያፍናል። እሷ ደግሞ በቬሎዋ ላይ ከባድ ካባ ደርባለች።

«ጋሼ፣ አዞረኝ» አለችኝ።

«ትንሽ ትታገሥ። እንሰቱ ሥር ስትቆም እኮ አገር ቤት ነው የሚመስለው» አለ ካሜራማኑ።

እንሰቱ እንኳ ውሃ ይረጭለታል።

«ላቡ አሳምሯታል» አለ አንዱ ሚዜ። ሙሽራው ራሱ አብሮ ሳቀ።

አንገሸገሸኝ። ያዝ የተባልኩትን የመብራት ማንጸባረቂያ መሬት ላይ ጥዬ፣ ካባውን አውልቄላት፣ እጇን ይዤ ወጣሁ። ካሜራማኑ ከኋላችን «ጋሼ፣ አንድ ብቻ ነው የቀረን» ይላል።

አሁን ሣር ላይ ተቀምጣ ውሃ እየጠጣች ነው። ሙሽራው እስካሁን አልወጣም።

ሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያያችሁ እስቲ ጻፉ።