ጋሽ ቡርሽ ወደ መሰላሉ ሲመለሱ

ጋሽ ቡርሽ ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ቀለም ሲቀቡ ከመሰላል ወድቀው አያውቁም ነበር። የዚያን ቀን ግን ሲወርዱ ወለሉን የረገጡ መስሏቸው የመጨረሻዋን መርገጫ ሳቷት። ጉልበታቸው ተጠማዘዘና ውስጡ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ።

ጅማቱ ተበጥሶ ኖሮ በቀዶ ጥገና ተጠገነ። ቁስሉ ቶሎ ደረቀ፤ እግራቸው ግን የሌላ ሰው እስኪመስል ከሳ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ወጣት፣ የቤት ሥራ ሰጠቻቸው፦ ተጋድሞ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ጋሽ ቡርሽ «እሺ» አሉና ቤታቸው ገብተው ሬዲዮ ሲያዳምጡ ከረሙ።

በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ ጭናቸውን በሜትር ለካች።

«ጋሼ፣ እየሠሩ ነው?»

«እንዴታ! ላቤ እስኪንጠፈጠፍ!»

«እንግዲያው አፍዎ ነው የሠራው። ጭንዎ ወሬውን አልሰማም።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ባለቤታቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሽ ቡርሽ አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሕመሙን አይደለም፤ ድጋሚ ቀጭ ይላል ብዬ ነው የምፈራው።»

እሷ አልሳቀችም። «መፍራትዎ ያለ ነው። ግን ሐኪሙ የነካው ጉልበትዎን ነው እንጂ ጉልበትዎን አልወሰደም» አለችና መዳፏን ከጉልበታቸው ሥር አድርጋ ቀስ ብለው እንዲነሱ አደረገች።

«ቀጭ አለ?»

«አላለም።»

«ይድገሙታ!»

ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ አሠልጣኟ ባለቤታቸው ሆኑ። ሽንኩርት እየከተፉ ይቆጥራሉ።

«ስምንት፣ ዘጠኝ… አንተ ሰውዬ፣ ወንበሩን ያዝክ! ከአንድ ጀምር!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዳኛ ነሽ ወይስ ጠላት?»

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በአራተኛው ወር የሚኖሩበትን ሕንፃ ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ሊወጡ ሞክረው ጉልበታቸው አብጦ ሦስት ቀን በረዶ ታቅፈው ተኙ። «በቃ፣ እኔ ለመሰላል የምሆን ሰው አይደለሁም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ባለቤታቸው ጠበቁ። ዕብጠቱ ሲጎድል ወንበሩን አምጥተው አልጋው አጠገብ አስቀመጡና «አንድ» አሉ።

በስምንተኛው ወር ልጅቷ መሰላል ፈቀደችላቸው። የልስን ሠራተኛ የሆነ የድሮ ጓደኛቸው ለሚያድሰው ቤት ጠራቸው። መሰላሉን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘላቸው። የመጀመሪያ ቀን ሁለተኛው መርገጫ ላይ እግራቸው ተንቀጠቀጠ።

«ውረድ እንጂ፣ ግድግዳው የት ይሄዳል?» አለ ጓደኛቸው። ወረዱ። በማግስቱ ሦስተኛው ላይ ቆሙ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የጣሪያው ጥግ እጃቸው ገባ።

ዛሬም መንበርከክ አይሆንላቸውም፤ የግድግዳውን ግርጌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው የሚቀቡት። የጣሪያውን ጥግ በነኩበት ቀን ታዲያ ከላይ ሆነው ቡርሹን ከግድግዳው አንስተው ቀጥ ሲሉ ጓደኛቸው ደነገጠ።

«ምነው? ጉልበትህ ነው?»

«የምን ጉልበት! ይሄን ቀለም እንዲህ ያቀጠነው ማነው?»