ወንዝ ለኪው ባሱና ያልተወደደ ድምፁ

ባሱ በቀን ሦስት ጊዜ ወንዙን ይለካል። የሚለካው በድልድዩ ምሰሶ ላይ የተቸነከረውን ሰሌዳ እያየ ነው፤ ከታች አረንጓዴ፣ መሀሉ ቢጫ፣ ከላይ ቀይ። ያየውን በመዝገብ ይጽፋል፤ በስልክም ከተማ ላለው የውሃ ቢሮ ይናገራል። ቢሮው አንድም ቀን መልሶ "ምን አልክ?" ብሎት አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአላህና ከዚያ ስልክ ጋር ሲነጋገር ኖሯል፤ የሚሰማው የትኛው እንደሆነ ግን ጠፍቶት አያውቅም።

አያቶቻችን ቤቱንም መስጊዱንም የሠሩት ከዓለቱ ላይ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ግን ወደ ታች ወረዱ። በሙቀቱ ወራት ከማራኬሽ የሚመጣው እንግዳ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ጣጂን የተባለውን የሸክላ ድስት ወጥ መብላት ስለሚወድ፣ ምግብ ቤቶቹ ጠረጴዛና ወንበራቸውን ከወንዙ መሀል ይደረድራሉ። ከሁሉ ቀድሞ የገባው ኢደር ነው። በየዓመቱ አንድ ረድፍ ይጨምራል። "ወንዙ ጎረቤቴ ነው፤ ቦታ ይለቅልኛል" ይላል።

አምና ባሱ ከተራራው አናት ላይ ጥቁር ደመና አየና የጎርፍ ማስጠንቀቂያውን ሳይረን አስጮኸ። ሁለት መቶ ሰው ጫማውን ትቶ ሮጠ። ደመናው ግን ሐሳቡን ለውጦ ከሌላ ሸለቆ ሄዶ ዘነበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሱ ኖህ ተባለ።

"እህሳ ኖህ፣ መርከቡ ከምን ደረሰ?" ይለዋል ኢደር ባለፈ ባገደመ ቁጥር።

"አጎቴ ባሱ፣ እኔን ከፍየሎቹ ጋር እንዳታስገባኝ!" ይላል የኢደር አስተናጋጅ።

ነቢዩ ኖህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓመት እንደተሳቀበት ባሱ ያውቃል። አንድ ዓመት ምን አላት ብሎ ወደ ሰሌዳው ይሄዳል።

የአደጋ መከላከያ ኮሚቴም ተቋቋመ። ሰብሳቢው ማን ሆነ ቢሉ፣ ኢደር። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ሳይረኑ በብረት ሣጥን እንዲቆለፍ፣ ቁልፉ ከሰፈሩ ሹም ከሲ መዳኒ ኪስ እንዲቀመጥ፣ ሣጥኑም ውሃው ቀዩን ሲነካ ብቻ እንዲከፈት ወሰነ። ባሱም አስፈርመውታል።

ሌላም የተከለከለው ነገር ነበር። በወጣትነቱ ሙአዚኑ ታሞ አንድ ጊዜ የንጋቱን የሱብሒ አዛን ያሰማው ባሱ ነበር። ያን ዕለት ላሞቹ ወተት ከለከሉ ብለው ሴቶቹ አቤቱታ ይዘው መጡ። ኢማሙ ሲዲ ተይብ ለብቻው ጠርተው፣ "ልጄ፣ አላህ ልብህን ይቀበልልህ። ድምፅህን ግን ለራስህ ያዘው" አሉት። ባሱ ዳግመኛ ማይክሮፎን አልነካም።

በነሐሴ አንድ እሑድ ሸለቆው በእንግዳ ሞልቶ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከላይኛው መንደር የባሱ እህት ቱዳ ደወለች።

"ባሱ! ድልድያችን ሄደ!"

"ውሃ ነው የወሰደው?"

"አይ፣ በእግሩ ተራምዶ ሄደ! ውሃ ነው እንጂ! ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ነው፤ ሩጥ!"

ሮጠ። ሲ መዳኒን ያገኘው ከኢደር ጠረጴዛ ነው፤ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ሐብሐብ ይበላል።

"ሲ መዳኒ፣ ቁልፉን! ጎርፍ እየመጣ ነው!"

"ሰሌዳው ምን ይላል?"

"አረንጓዴ። ግን ከላይኛው መንደር ቱዳ—"

"ውሳኔው ቀይ ይላል እንጂ ቱዳ አይልም። ፈርመሃል እኮ።"

"ቀይ ሲሆንማ አንተ ከነወንበርህ ታች ሜዳው ላይ ደርሰሃል!"

ኢደር ትሪውን እንደያዘ ጮኸ፤ "ኖህ መጣላችሁ! እንግዶች፣ ዋና የምትችሉ እጃችሁን አውጡ!"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሦስት ልጆች የያዘች አንዲት እናት እውነት መስሏት እጇን አወጣች። ባሱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ለመናቸው። ቪዲዮ ቀረጹት። አንዱ ጎልማሳ እንዲያውም ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ትንሽ ፈቀቅ እንዲል ጠየቀው።

ያን ጊዜ ውሃው ቀለሙን ለወጠ። ቀጭን ሻይ መሰለ፤ የተበጣጠሰ የለውዝ ዛፍ ቅጠልም በሲ መዳኒ ተረከዝ አጠገብ አለፈ። ሰሌዳው አሁንም አረንጓዴ ነው። ባሱ ዞሮ ወደ መስጊዱ ደረጃ ሮጠ።

ደረጃው ዘጠና ነው። ላይ ሲደርስ ሲዲ ተይብ አረፍ ብለው ተኝተዋል። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ገና ነው፤ ያለ ሰዓቱ አዛን ማሰማት ደግሞ በባሱ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ማይክሮፎኑን አነሣ። "ያ ረብ" አለ፣ "ጎረቤቶቼ ሲስቁብኝ ቻልኩት። ዛሬ ግን አስቆጣልኝ።"

ከዚያ አሰማ።

ላሞቹ ልክ ነበሩ። ድምፁ ከዓለት ዓለት እየተላተመ ሲወርድ ኢደር ትሪውን ጣለ።

"ባሱ ነው! በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ አዛን!"

"በሃይማኖት ይቀልዳል እንዴ ይህ ሰው! ያዙት!"

ነፍሳቸውን ለማዳን ያልተነሡት ሰዎች ባሱን ለመደብደብ ተነሡ። አስተናጋጁ፣ ጭልፋ የያዘው ወጥ ሠሪ፣ ቁልፉን በኪሱ የያዘው ሲ መዳኒ በባዶ እግሩ፣ ሁሉም ደረጃውን ተያያዙት። እንግዳውም ጠብ ሊያመልጠው አልፈለገምና ልጁን አንጠልጥሎ፣ ስልኩን ደግኖ ተከተለ። ባሱ ከላይ ሆኖ ጥቂት ሰነፎች ታች መቅረታቸውን አየ። እንደገና ጀመረ፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ባሰ። እነሱም ወጡ።

ኢደር ቀድሞ ደርሶ የባሱን ኮሌታ ጨመደደ።

"ውረድ!"

"እወርዳለሁ፤ ትንሽ ቆይ።"

"አሁን ውረድ እልሃለሁ!"

ድንጋይ ሲፈጭ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ዞሩ። ቡናማው ውሃ ግንድ ተሸክሞ ከኩርባው ብቅ አለ፤ የኢደርን ጠረጴዛዎች ራሱ እንደደረደራቸው በተራ በተራ ወሰዳቸው። ሰሌዳው በመጨረሻ ቀዩን አሳየ፤ ወዲያው ከነምሰሶው ሄደ። ሲ መዳኒ ሳያውቀው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ያቺ እናት ልጆቿን ቆጠረች፤ ሦስት። እንደገና ቆጠረች። የኢደር እጅ አሁንም ከባሱ ኮሌታ ላይ ነው፤ አሁን ግን የያዘው እንዳይወድቅ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ከወንዙ ውስጥ አንድም ሰው አልቀረም።

በሦስተኛው ሳምንት ባለሥልጣናት መጡ። "ሳይረኑን በፍጥነት ላሰማው ኮሚቴ" የሚል የምስክር ወረቀት አመጡ፤ ኢደር በጭብጨባ ተቀበለ። ሳይረኑ ከነሣጥኑ የት እንደገባ የጠየቀ አልነበረም። ለባሱም ደብዳቤ ደረሰው፤ ቢሮው በአሥራ አንድ ዓመት የጻፈለት የመጀመሪያው። የጎርፉ ዕለት የማታ ልኬት ለምን እንዳልተላከ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠይቃል።

ባሱን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነበር። ወደ ሲዲ ተይብ ሄደ።

"ሲዲ፣ ያለ ሰዓቱ አዛን አሰምቻለሁ። ይቅር እባል ይሆን?"

ኢማሙ ጢማቸውን አሻሹ። "ልክ አልሠራህም። ግን ሠላሳ ዓመት አዛን በሰዓቱ ሲሰማ፣ ኢደር አንድ ቀን እንኳ ሮጦ ሲመጣ አላየሁም። አላህ አዛኝ ነው፤ የመስጊዱ በር ክፍት ይሆንልሃል። ለወንዙ ብቻ። ለሱብሒ ግን ለላሞቹ እዘንላቸው።"

ባሱ አመስግኖ አዲሱን ሰሌዳ ሊያይ ወረደ። ኢደር አዳዲስ ወንበሮች ከወንዙ መሀል እየደረደረ ነበር።

"እህሳ ኖህ፣ ዛሬስ?"

"አረንጓዴ" አለ ባሱ፤ ወንበሮቹን አየና ጉሮሮውን ጠራረገ።

ኢደር የፊተኛውን ረድፍ ወደ ዳር ጎተተ።