ቦይለሩ ማንጠባጠብ ያቆመ ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኢስት ዮርክ ሰፈር የገዛውን አሮጌ ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ሳሎኑን አየሁ፣ ጓሮውን አየሁ፣ መረቅሁት። «ማሚ፣ ነይ ቤዝመንቱን እይው» ሲለኝ ግን ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደው ደረጃ አናት ላይ እግሬ ተያዘ። ከታች የቦይለሩ እሳት ቦግ ሲል ተሰምቶኛል። «ጉልበቴን አሞኛል፣ ሌላ ቀን» አልኩት። ጉልበቴስ ደህና ነበር።

በወጣትነቴ ካናዳ እንደመጣሁ የተቀመጥኩት ዌስተን ሰፈር፣ አጎቴ ጋሼ ኑሩ ቤት ነው። ጋሼ ኑሩ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ የተበላሸ ነገር ሁሉ በእጃቸው ካልጠገኑ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ሠራተኛ መጥራት ሽንፈት ይመስላቸዋል። ቤቱን የሚያሞቀው እኔ በምተኛበት ቤዝመንት፣ ከመኝታዬ ግድግዳ ጀርባ የቆመ ቦይለር ነበር። ውሃ አፍልቶ በቧንቧ ወደየክፍሉ ይልካል። ፊቱ ላይ ግፊቱን የምታሳይ፣ የእጅ ሰዓት የምታህል መለኪያ አለችው።

ያን ዊንተር የቦይለሩ ጠባይ ተበላሸ። ሲቀዘቅዝ የመለኪያው ቀስት ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ጋሼ ኑሩ ውሃ ይጨምሩበታል። እሳቱ ሲነድ ደግሞ ቀስቱ ሽቅብ ወጥቶ ሰላሳን ይነካና ትርፉን ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ይከፈታል፤ ትኩስ ውሃ በቫልቩ ቧንቧ ወርዶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ካልሲዬ ይርስ ነበር። ውሃው ስለሚፈስ ሲበርድ እንደገና ይጎድላል፣ እንደገና ይሞላል። ነገሩ ደስ አላለኝም፤ ግን ገና እንግዳ ነኝ፣ ምን ብዬ ልናገር?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ኑሩ ሱቅ ወጥተው፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ሥራ ውለው፣ ልጆቹን ሂክማንና ኢልያስን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በርበሬ የበዛበት መኮሮኒ አብልቻቸው ሹራቤን ላመጣ ወደ ታች ወረድኩ። ወለሉ ደረቅ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ተሠራ» አልኩ። ቀና ብዬ መለኪያዋን ሳይ ቀስቱ ሰላሳን አልፏል።

ደረቅ ወለል እንዲያ ያስፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግፊቱ ይህን ያህል ከሆነ ውሃው የት ገባ? የቫልቩን ቧንቧ በዓይኔ ተከተልኩት። ጫፉ ላይ አዲስ ክዳን ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ጋሼ ኑሩ ወለል መወልወል ሲሰለቻቸው መተንፈሻውን ደፍነውታል። ቦይለሩ ከሆዱ ያጉረመርማል፤ ቀስቱ ዓይኔ እያየ ከፍ አለ።

ሮጬ ደረጃው አናት ላይ ያለውን ቀይ ማጥፊያ ተጫንኩት። እሳቱ ጠፋ፤ ጉርምርምታው ግን አልቆመም።

«ሂክማ! ጫማሽን አድርጊ፣ እንውጣ!»

«ዋይ? ኢትስ ፍሪዚንግ!» አለች ብርዱን ፈርታ።

«አትጠይቂኝ፣ ውጪ!»

ኢልያስን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ታቀፍኩት። በረዶው እስከ ጉልበቴ ይውጠኛል። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጃማይካዊት ጎረቤታችን ልጆቹን ተቀበለችኝ፤ ከእሷ ቤት ሆኜ ለቦይለር ጠጋኝ ኮል አደረግሁ። «እስክመጣ ማንም እንዳይነካው» አለኝ።

በመስኮት ሳይ ጋሼ ኑሩ በራችን ላይ ደርሰዋል። ኮት ሳልደርብ ሮጬ ውስጥ ገብተው ደረስኩባቸው፤ ልጆቹ ማዶ ናቸው አልኳቸው።

«ልጆቼን በዚህ ብርድ አወጣሻቸው?»

«ጋሼ፣ ቦይለሩ ሊፈነዳ ነው! መተንፈሻው ተደፍኗል።»

«እሱ ከሆነማ ክዳኑን አሁን እፈታዋለሁ» ብለው ወደ ደረጃው ሄዱ።

ኮታቸውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ። በዕድሜዬ ታላቅ ሰው ጎትቼ አላውቅም። «አይውረዱ! ሲፈቱት የፈላ ውሃ ነው የሚገነፍልብዎ። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይውረዱ!»

ከታች አንድ ነገር ቋ! አለ። ጋሼ ኑሩ ባሉበት ቆሙ፤ ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። የእሳቸው ፍርሃት የኔን አባሰው፤ ጋሼ ኑሩ ከፈሩ በማን ልጽናና?

ጠጋኙ ደርሶ ቦይለሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ወርዶ ጣሪያው ስር የተሰቀለችውን ትንሽ የብረት ጋን በመፍቻ መታ መታ አደረጋት፤ ድፍን ድምፅ ሰጠች። ውሃ ሲሞቅ የሚሰፋበት አየር መያዝ የነበረባት ጋን እስከ አፏ ውሃ ሞልታለች፤ የግፊቱ መውጣት መውረድ ከዚያ ነበር። ጋኗንም ቫልቩንም ቀየረ፣ ክዳኑን ፈቶ ጣለ።

«እሳቱ ባይጠፋ ኖሮስ?» አሉት ጋሼ ኑሩ። ሰውየው በሩ ስር የተደረደሩትን የልጆቹን ጫማዎች አየና ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

ያን ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጋሼ ኑሩ ከስጋጃቸው ሳይነሱ ቆዩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ የፈራሁት እርጥበቱን ነበር።»

ሂክማ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ስንገናኝ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ጎረቤታችን ያጠጣቻትን ትኩስ ካካዎ ብቻ ነው፤ ጣፋጭ እንደነበር ትነግረኛለች። ፍርሃቱ ለኔ ብቻ ቀረ። እንኳንም ለኔ ቀረ እላለሁ።